ሰማያዊው መብራትና የጣርማበር ጉም

እንደሚታወቀው በዲፓርትመንታችን ስለ መኪና መብራት ሲነሳ ሁሉም ሰው ወደ ፊት መብራት ይሮጣል። ረጅሙ፣ አጭሩ፣ የጉም መብራቱ፣ ሪሌው፣ ስንቱ! ጣሪያው መሃል የተለጠፈችው ሚጢጢ መብራት ግን አስታዋሽ የላትም። በኮርሳችንም ቢሆን «አምፖል፣ ስዊች፣ ፊውዝ» ተብላ በአንድ ገጽ ታልፋለች። እኔም እስከ አምና ድረስ ንቄያት ነበር፤ ንቀቴ ምን እንዳስከተለ ደግሞ ከዚህ በታች እናገራለሁ።

በዚህች አጭር ጽሑፍ የማነሳው ሐሳብ አንድ ነው። እንደ መንዝና ግሼ ባለ ብርዳማ ደጋ የሚሠራ መኪና የውስጥ አምፖሉን ወደ ኤልኢዲ መለወጡ ተገቢ ነው እላለሁ። አሁን እየተለወጠበት ያለው መንገድ ግን ስህተት ነው። ስህተቱን ከሚሠሩት አንዱ ደግሞ እኔው ነበርኩ።

ነገሩ የተጀመረው በታኅሣሥ ወር ነው። አጎቴ መሐል ሜዳ ላይ አንድ አሮጌ ናፍጣ ሃያስ ሚኒባስ አላቸው፤ ከመሐል ሜዳ በሞላሌ በኩል ጣርማበር ወጥቶ ደብረ ብርሃን ይመላለሳል። አንድ ምሽት ረዳቱ የወደቀ ሳንቲም ሲፈልግ የኋላውን መብራት አብርቶ ረስቶት ሄደ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ታመው ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መሄድ ነበረባቸው። በባና ተጠቅልለው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው መጡ። አጎቴ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሪኖው «ጭጭ» አለ፤ ከዚያ ዝም።

መንዝን በታኅሣሥ የሚያውቅ ሰው ውርጩ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ለመግፋት ሞከርን። ናፍጣ ሞተር ካንዴሌታው ሳይሞቅ፣ ባትሪውም ሞቶ፣ በዚያ ብርድ ተገፍቶ ይነሳል ማለት ዘበት ነው፤ እኛ ግን ገፋን። በመጨረሻ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ መጣና (እግዜር ይስጠው) ከሁለቱ ባትሪዎቹ ከአንዱ ብቻ በኬብል ሰጠን። አይሱዙው 24 ቮልት፣ ሃያሱ 12 ቮልት ስለሆነ ከሁለቱም ቢሰጠን ኖሮ ሌላ ጣጣ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ባክኗል። እናታችን ደህና ደርሰው ታክመው ተመልሰዋል። ያንን አንድ ሰዓት ግን ባና ውስጥ ሆነው ሲያቃስቱ የሰማ ሰው በቀላሉ አይረሳውም።

በማግስቱ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። የአጎቴ መኪና ጣሪያ ላይ መሃል አንድ የ10 ዋት፣ ኋላ ደግሞ ሁለት የ5 ዋት አምፖሎች ነበሩት፤ በድምሩ 20 ዋት። 20ን ለ12 ስናካፍል ወደ 1.7 አምፒር ይመጣል። ለ10 ሰዓት ሲበራ ካደረ ወደ 17 አምፒር ሰዓት ይጠጣል ማለት ነው። አዲስና ሙሉ ባለ 70 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይህን ይችለዋል። ዕድሜው የገፋ ባትሪ ግን ከተጻፈበት ግማሹን እንኳን ላይዝ ይችላል፤ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ደግሞ አዲስ ባትሪም ቢሆን ከአቅሙ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። በዚያው ሰዓት ሞተሩ በብርድ ደርቆ ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። በሁለት በኩል ስለት ነው። በሦስቱ አምፖሎች ፈንታ ኤልኢዲ ቢሆን ኖሮ ሦስቱ ተደምረው ሩብ አምፒር ገደማ ነው የሚስቡት፤ ሌሊቱን ሙሉ ተረስተው ቢያድሩ 2.5 አምፒር ሰዓት። መኪናው ጠዋት ሳይግደረደር ይነሳ ነበር።

እንግዲህ ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እዚያ ባትሪ ቢሞት ጎረቤት አለ፣ ጋራዥ አለ፣ የሚገፋ ሰው ሞልቷል። ከግሼ ራቤል ወይም ከመሐል ሜዳ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለሚነሳ መኪና ግን የጣሪያ አምፖል የሰው ጉዳይ ናት።

የሚገርመው መንዝ ውስጥ መኪናው ከጎጆው ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ገጠር ያሉት አያቴ ቤት ኩራዝ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጣሪያው ላይ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ አለች፣ ምሰሶው ላይ ኤልኢዲ ተንጠልጥሏል። አያቴ ስለ ኤልኢዲ ኮርስ አልወሰዱም፤ ላምባ መግዛት እንደቀረላቸው ግን ያውቃሉ። እኛ የሙያው ተማሪዎች ደግሞ ዛሬም ለደንበኛ የምንቀይረው ያችን ሁለት ጫፏ ሹል የሆነች፣ ጥይት የመሰለች አምፖል ነው። ጉልበቷን አብዛኛውን ወደ ሙቀት ትለውጠዋለች፤ ስትበራ ቆይታ የነካት ሰው ጣቱ ይመሰክራል።

ስለዚህ አጎቴ «አንተ ልጅ፣ ኤሌክትሪክ ተምሬያለሁ አላልክም? በል አንድ ነገር አድርግ» ሲሉኝ ደስ እያለኝ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሦስት የኤልኢዲ አምፖሎች አስመጣሁ። አንደኛዋ አልበራ ስትል ደንግጬ ነበር፤ ገልብጬ ስከታት በራች። ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እንደሚለይ በፈተና ላይ በትክክል መልሼ ነበር እኮ! ያችን ሌሊት ያስቆጠረን ችግር በአምስት ደቂቃ ሥራ ተፈታ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ይህንን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

አላቆምኩም። ክረምት ላይ ለዕረፍት ስመጣ ረዳቱ «የደብረ ብርሃኖቹን አላየህም? ውስጣቸው እንደ ሠርግ ቤት ነው። ተሳፋሪው እነሱ ጋ ነው የሚሮጠው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ደማቅ መኪና ተሳፋሪ ይስባል። መናኸሪያ ውስጥ ለሚጋፋ ሰው ሻንጣውን፣ ጫማውን፣ ልጁን የሚያይበት ብርሃን ትንሽ ነገር አይደለም፤ ረዳቱም ብር ሲቆጥር ሃምሳውን ከመቶው ይለይበታል። እኔም የኪስ ገንዘብ ፈልጌ ነበር። በጥቅል የሚሸጠውን ሰማያዊ የኤልኢዲ ሪባን ገዛሁና በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያውን ከሹፌሩ ራስ በላይ ጀምሬ እስከ ኋላ በር ለጠፍኩት። ኤሌክትሪኩን ከየት አመጣህ ትሉኛላችሁ? ከቁልፉ ስር ካገኘሁት ገመድ ላይ ልጬ፣ ጠቅልዬ፣ በፕላስተር አሰርኩት። ፊውዝ የለ፣ ምን የለ። ማታ ሲበራ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ተመሰገንኩ!

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በነሐሴ አንድ ንጋት ከአጎቴ ጎን ተቀምጬ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ጣርማበር አቅራቢያ ጉም ተቀበለን። የጣርማበርን ጉም ለማያውቅ መንገር ይከብዳል፤ ከገደሉ ስር ከደብረ ሲና በኩል ይወጣና እንደ ነጠላ ይሸፍንሃል። አጎቴ አንገታቸውን ወደ መስታወቱ አስግገው ይነዳሉ። ተሳፋሪው ገሚሱ ተኝቷል፣ ሰማያዊው መብራት ቦግ ብሎ እየበራ ነው፤ ረዳቱ እንዳይጠፋበት ይወደዋል። እኔ ከፊት ለፊታችን ያየሁት መንገድ ሳይሆን የራሳችንን ወንበሮችና የአንዲት ሴት ነጭ ሻሽ ነበር፤ በፊት መስታወቱ ላይ ተንጸባርቆ፣ ልክ ውጭ ጉሙ ውስጥ የተቀመጡ ይመስል። በዚያ መሃል ገብስ የጫነች አህያና አንድ ልጅ ብቅ አሉ። አጎቴ ፍሬን ያዙ። መኪናው ተንሸራቶ ስልቻውን ገጨ፤ ገብሱ አስፋልት ላይ ፈሰሰ፤ አህያዋ ደነበረች። ልጁ አልተነካም። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ አላለቀሰም፣ ገብሱን ብቻ በእጁ ያፍስ ጀመር።

አጎቴ ገብሱን ከፈሉና ተመልሰው ገቡ። ምንም ሳይናገሩ ሪባኑን ከራሳቸው በላይ ይዘው በአንድ እጅ ጎትተው ገነጠሉት። እኔንም አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደብረ ብርሃን ደርሰን የቀረውን በካቻቢቴና በፒንሳ ሳወልቅ ሌላ ነገር አገኘሁ። ገመዱ ከጣሪያው ጨርቅ ስር በብረቱ ጠርዝ ላይ በሚያልፍበት ቦታ ላስቲኩ ተፍቆ፣ ለስልሶ፣ ጠቁሮ ነበር። መዳቡ ብረቱን ሊነካ የቀረው የወረቀት ያህል ነው። ፊውዝ የሌለው ገመድ ቦዲውን ሲነካ ባትሪው ያለውን ሁሉ በዚያች ቀጭን ገመድ ይልካል፤ ገመዱ ራሱ ምድጃ ይሆናል፤ ከላዩ ደግሞ ያለው ጨርቅና ስፖንጅ ነው። ይህ የሚሆነው 15 ሰው ተጭኖበት ነው። የ1 አምፒር ፊውዝ ከሻይ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

አሁን ስለ ሰማያዊው ልናገር። ሰማያዊ ኤልኢዲን እውን ያደረጉት ጃፓናውያን ተወላጆች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል፤ ይገባቸዋልም። እ.ኤ.አ. በ1962 ኒክ ሆሎንያክ ከሠራው ቀይ ኤልኢዲ በኋላ ነጭ ብርሃን እስኪገኝ ሠላሳ ዓመት የተጠበቀው ሰማያዊው ስላልተገኘ ነበር። ዛሬ ነጭ የምንለው ኤልኢዲ በአብዛኛው ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ ዱቄት የተቀባ ነው። ነገር ግን ለሌሊት ሹፌር ዓይን ከሰማያዊ የከፋ ቀለም የለም። በጨለማ የምናይባቸው የዓይን ሕዋሳት ከሁሉ በላይ የሚነቁት በ500 ናኖሜትር አካባቢ ላለ ብርሃን ነው፤ የሰማያዊው ሪባን 460 እና 470 ስለሆነ በጣም ቅርባቸው ነው። ዓይን ጨለማን ሙሉ ለሙሉ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ በብርሃን ግን ወዲያውኑ ይበላሻል። አውሮፕላንና ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ለሌሊት ቀይ መብራት የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ግን መርጠን መርጠን ሰማያዊውን፣ ያውም ከሹፌሩ ግንባር በላይ እንለጥፋለን። አሮጌዋ አምፖል ባትሪ ብትበላም ደብዛዛና ቢጫ በመሆኗ ዓይን አትጎዳም ነበር። ይህን ሳልናገርላት ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

«የቻይና ኤልኢዲ ዕድሜ የለውም» የሚለውም ወሬ ግማሹ የኛ ጥፋት ነው። እስቲ አብረን እናስላ። ሦስት ነጭ ኤልኢዲ በተከታታይ ቢገናኙ እያንዳንዱ 3.2 ቮልት ይይዛል፤ በድምሩ 9.6። ባትሪው 12 ቮልት ነው ተብሎ ለ20 ሚሊ አምፒር 120 ኦም ሬዚስተር ተደርጎለታል፤ 2.4 ቮልት ለ120 ሲካፈል በትክክል 20 ሚሊ አምፒር። ሞተሩ ሲነሳ ግን ዲናሞው እስከ 14.4 ቮልት ያወጣል። ያኔ ለሬዚስተሩ የሚቀረው 4.8 ቮልት ነው፤ ኤሌክትሪኩም ወደ 40 ሚሊ አምፒር ይጠጋል። ቮልቴጁ በአምስት እጅ አንዱን ብቻ ጨመረ፣ ኤልኢዲው ግን እጥፍ ጠጣ! ሽቦዋ የምትነድ አምፖል በዚህ ጊዜ የምትጨምረው አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ስትሞቅ ሬዚስታንሷ ይጨምራልና ራሷን ትጠብቃለች። ኤልኢዲ ራሱን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሬዚስተሩ ወይም በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መጣኝ ነው። ሱቅ ውስጥ በባትሪ ሞክረን «ሠራ!» ብለን የምንገዛው መንገድ ላይ የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

አንድ የዓለም ከተማ ልጅ የሆነ የክፍላችን ተማሪ የነገረኝ ደግሞ ይብሳል። ከሙከጡሪ በለሚ አድርጎ፣ ጀማ ወንዝ ወርዶ፣ ዓለም ከተማ የሚወጣ አንድ ቅጥቅጥ አይሱዙ ነበር። ባለቤቱ ባለ 12 ቮልት ሪባን ገዝቶ በ24 ቮልት ሞከረው፤ ብልጭ ብሎ ጠፋ። በሒሳባችን ብንሄድ ከተፈቀደለት ስድስት እጥፍ ነው የጠጣው። ከዚያ «ባለሙያ» መጣና ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ 12 ቮልት ቀንሶ ሰጠው። በራ! ሁሉም ተደሰተ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያ ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ፣ ጓደኛው ደግሞ ከልክ በላይ የሚሞላ ሆኑ፤ ዲናሞው የሚያየው የሁለቱን ድምር እንጂ የየግላቸውን አይደለም። ሁለቱም ተበላሹ። ባትሪ ሊያድን የገባ ኤልኢዲ ሁለት ባትሪ ገደለ። ለ24 ቮልት የተሠራ ኤልኢዲ ወይም ቮልቴጅ ቀናሽ መግጠም እየተቻለ!

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሳወራ «ይሄ እኮ ዲኮር ነው፣ ሙያ አይደለም፤ ለሱቅ ልጆች ተውላቸው» ይሉኛል። ይቅርታ ይደረግልኝና በዚህ አልስማማም። የሱቁ ልጅ ፊውዝ ባያደርግ አልተማረም እንላለን፤ እኔ ግን ተምሬያለሁ። የፊውዝን ጥቅም በወረቀት ላይ በደንብ አድርጌ ጽፌ ማርክ አግኝቻለሁ። ሥራው ትንሽ መስሎኝ ስለናቅሁት ነው ትምህርቴን ቤት ጥዬ የሄድኩት። ሞተር ስንፈታ ዶክተር እንሆናለን፤ አምፖል ስንቀይር ግን ጎረምሳ!

ሌሎች ደግሞ «በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ሁሉም ኤልኢዲ ሆኖ ይመጣል፤ ለምን እንደክማለን?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ለመብራቱ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ይዟል፤ እሱ ሲሞት ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እያለ መኪናው አይነሳም። ሪባን የሚለጥፍ ሰው እዚያም አይጠፋም። ደግሞስ የአጎቴ ሃያስ ነገ ከመንዝ መንገድ ይወጣል ብሎ የሚያስብ ማነው? ከኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ምናልባትም ከኔ በኋላ ይነዳ ይሆናል።

በበኩሌ ከመምህራኖቻችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ላብ። ጠረጴዛ ላይ የጣሪያ መብራት ሰርኪዩት ከነበር ስዊቹ ይገጠም፣ አንድ አሮጌ አምፖልና አንድ ርካሽ ኤልኢዲ ጎን ለጎን ይሰቀሉ፣ ከዚያ ፓወር ሰፕላዩን ከ12 ወደ 14.4 ከፍ አድርገን አሚሜትሩን እንይ። ገመዱንም በስለታም ብረት ላይ አሻሽተን፣ ከፊውዝ ጋርና ያለ ፊውዝ (በጥንቃቄ!) ምን እንደሚሆን እንይ። ወርክሾፓችን ውስጥ ለዚህ የሚጎድል ዕቃ ያለ አይመስለኝም። ለኛ ለተማሪዎች ደግሞ፣ በዕረፍት ጊዜ ይህንን ሥራ ለምንሠራው፣ ያለ ፊውዝ መሥራት፣ ከመሃል ባትሪ መቀነስና ከሹፌሩ ፊት ሰማያዊ መለጠፍ እንደ ነውር ቢቆጠር ደስ ይለኛል። ደንብ ሰው ካላየ ይጣሳል፤ ነውር ግን ብቻህንም ስትሆን ያሳፍራል።

የአጎቴ መኪና አሁን ሦስት ቢጫ የሚያደሉ ኤልኢዲዎች አሉት። የኋላዎቹ ለረዳቱ በራሳቸው ስዊች ይበራሉ፣ የፊተኛው በር ሲከፈት ብቻ፤ የ1 አምፒር ፊውዝ አለው፣ ገመዱ ብረት በሚያልፍበት ሁሉ ላስቲክ ለብሷል። ረዳቱ ዛሬም ሰማያዊው ይመለስልኝ እያለ ይነዘንዘኛል፤ ተሳፋሪ ቀንሶብናል ይላል፣ ምናልባትም እውነቱን ይሆናል። አጎቴ ይህን ሲሰሙ መልስ አይሰጡም፤ ወደ ጣሪያው ጠርዝ፣ ማስቲሹ ወዳልለቀቀበት ቦታ ቀና ብለው ያዩና ማርሽ ያስገባሉ። የተረፈው ሪባን ዶርም ውስጥ አልጋዬ ስር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መልቲሜትር ያለው ሰው ከመጣ በ14.4 ቮልት ስንት እንደሚስብ አብረን እንለካዋለን።